ደረጃ የሚወጣ ጫማ

ጫማ ሰፊው ቀጠሮ አፍርሶ አያውቅም። ጫማ ሰፊ ሆኖ ቀጠሮ አለማፍረስ! የሚሰማ ሰው ቢስቅ አይፈረድበትም፤ «ነገ ነይ»፣ «ከነገ ወዲያ ብቅ በል» የሙያው ሰላምታ እስኪመስል ለምደነዋል። እሱ ግን ቅዳሜ ካለ ቅዳሜ ነው፣ ሦስት ሰዓት ካለ ሦስት ሰዓት። እንዲህ ያለው ሰው በሠላሳ አራት ዓመቱ ውሸት ጀመረ። ያውም የዋዛ ውሸት አይደለም፤ ሰባት ሳምንት ሙሉ ዋሸ። ምን አዋሸው ብትሉኝ፣ ፍቅር ነዋ! ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ጭጋጋማ ጠዋት ነው። አንዲት ሴት በአንድ እግሯ እንጣጥ እንጣጥ እያለች፣ በአንድ እጇ ጫማ፣ በሌላው የወለቀ ተረከዝ ይዛ ሱቁ በር ላይ ደረሰች።

«ይቅርታ፣ ማስቲሽ አለዎት?»

«ማስቲሽስ አለ» አለና ጫማውን ተቀብሎ ገለበጠው። የግራ እግር ጫማ ነው። ሌላ ጫማ ሰፊ ለአጭሩ እግሯ ቡሽ ደራርቦ በሦስት ጣት ከፍ አድርጎታል፤ እንደ ነገሩ ነው የለጠፈው። ጫማ ሰፊው ሶሉን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆይቶ ቆይቶ አየው።

«መምህርት ነዎት?»

«ማን ነገረዎት?»

«ስፌቱ ውስጥ የጠመኔ ዱቄት ገብቷል። ደግሞ ደረጃ ይሸሻሉ። ደረጃ የሚወጣ ሰው ጫማ በጫፉ በኩል ነው የሚያልቀው፤ የእርስዎ ጫፉ ገና አዲስ ነው።»

ሴትዮዋ መሳቅም መቆጣትም አማራት። «ጫማዬ እንዲህ ወሬኛ መሆኑን አላውቅም ነበር።»

«ጫማ ሁሉ ሐሜተኛ ነው። ግን አይዋሽም።»

ጥግ ላይ ተቀምጠው ገበር የሚሰፉት እናቱ ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው አዩ። ልጃቸው ከደንበኛ ጋር ይህን ያህል ሲያወራ ሰምተው አያውቁም፤ ብዙውን ጊዜ «ቁጥር ስንት?» ብሎ ነው የሚጨርሰው።

«የት ነው የሚራመዱበት?» አላት። «ጫማ የሚሠራው ለእግሩ ብቻ አይደለም፤ ለመሬቱም ነው።»

ለዚህ ጥያቄ «ከቤት ትምህርት ቤት» ማለት ይበቃ ነበር። እሷ ግን ለማንም ያልነገረችውን ለእሱ ዘረገፈችለት። ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምራለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየዓመቱ በበትር ካርታው ላይ አንዲት ጥንታዊ የወደብ ከተማ ታሳያለች፤ ዙሪያዋን በግንብ የታጠረች፣ ለመርከቦች መብራት የሚበራበት አሮጌ ማማ ያላት፣ ማማው ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ደረጃ ያለው። ከተማዋ ትቅርና ባሕር የሚባል ነገር በዓይኗ አይታ አታውቅም። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ባሕር ምን ምን ይሸታል?» ብላ ጠየቀቻት። «ደወል ሊደወል ነው፣ ደብተራችሁን ሰብስቡ» ብላ አመለጠች። ደወሉ ግን ገና ሃያ ደቂቃ ይቀረው ነበር።

«በዚህ ዓመት ዕረፍት እዚያ ነኝ ብያለሁ» አለች። «ወንድሜ ሲሰማ ሳቀ። 'በዚህ እግርሽ?' አለኝ።»

ጫማ ሰፊው ወረቀት መሬት ላይ ዘርግቶ ተንበረከከና «እግርዎን» አላት። ያንን እግር ከሐኪምና ከእናቷ በቀር ማንም ነክቶት አያውቅም ነበር። እርሳሱ በተረከዟ ዙሪያ ሲዞር እግሯ ተንቀጠቀጠ።

«አያንቀጥቅጡት» አለ ቀና ሳይል። «መስመሩ ይጣመማል።»

ከዚያ «ሦስት ሳምንት» ብሎ ቀጠራት።

ለጫማው ሲባል ከተማዋን ማወቅ ግድ ሆነ። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ መምህሯ ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የተዋሰችውን ትልቅ ባለ ሥዕል መጽሐፍ ታቅፋ ትመጣለች። እሱ ቆዳ የሚቆርጥበትን ጠረጴዛ ጠርጎ ይጠብቃታል። መጽሐፉን መሃላቸው ይዘረጉና በሥዕሉ ላይ ይራመዳሉ። አንዱን ቀን በዓሣ ገበያው በር ገብተው እስከ መርከብ ሠሪዎቹ ሰፈር ይደርሳሉ፣ ሌላውን ቀን በግንቡ ላይ ከተማዋን ይዞራሉ።

«ይኼ ድንጋይ እርጥብ ነው» ይላል በጣቱ ሥዕሉን እየነካ። «ያንሸራትታል። ሶሉን መተልተል አለብኝ።»

«እዚህ ጋ ደግሞ አሸዋ ነው።»

«ስፌቱ ጠበቅ ይላል ማለት ነው። አሸዋ መግቢያ ያግኝ እንጂ፣ አንዴ ከገባ አይወጣም።»

ስለ ማማው ደረጃ መጽሐፉ ከፍታውን ጽፎ ነበር፤ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር ይሞላል። ጫማ ሰፊው የሳጥን እንጨት ፈልጦ በዚያው ልክ ሦስት ደረጃ ሠራ፣ ሱቁ መሃል አቆመው። ገና ያልተሰፋውን ጫማ በክር ያዝ ያዝ አድርጎ አጠለቀላትና «ውጪ» አላት። አንቺና አንተ መባባል የጀመሩት ያን ቀን ነው። ትከሻውን ይዛ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች፤ እጇን ግን ከትከሻው አላነሳችም። ከመስኮቱ ውጭ የሚታየው የፊት ለፊቱ ሕንጻ ግድግዳና የተሰጣ ልብስ ብቻ ነበር። ሁለቱም ግን ባሕር እንደሚያይ ሰው ወደዚያው አፍጥጠው ቀሩ።

«መርፌዬን ያየ አለ?» አሉ እናቱ። መርፌያቸው እጃቸው ላይ ነበር።

በሃያ አንደኛው ቀን ጫማው አለቀ። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ጭማሪው ሶል ከውስጥ ተደብቆ ሁለቱ ጫማዎች መንታ መስለው። እንደዚህ ያለ ጫማ ሠርቶ አያውቅም፤ ሙያውን ያወረሱት አባቱም አልሠሩም። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሲያየው ግን ደስታው ቀረ። ነገ ትመጣለች፣ ታጠልቀዋለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፣ በቃ። ጫማው ደግሞ የዋዛ ጫማ አይደለም፤ አምስት ዓመት አይነካም። በገዛ እጁ ጥሩ ሠርቶ ጉድ ሆነ!

በማግስቱ ስትመጣ ጫማው በጨርቅ ተጠቅልሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር።

«ሶሉ አልደረቀም» አላት።

በቀጣዩ ሳምንት ክር ጠፋ። ከዚያ ቀለሙ አልመጣለትም። እናቱ አንድ ሁለት ቅዳሜ ታገሡና አንድ ቀን ሱቁ ሲዘጋ አፋጠጡት።

«ምን ሆነህ ነው ሰው የምታመላልሰው?»

«ዝም በይኝ እማዬ።»

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ያንተው ግን ነቀዘ። ወደድኩሽ ማለት ከብዶህ ሶል አልደረቀም? ቢያንስ ደህና ውሸት ፈልግ፤ በዚህ ፀሐይ የማይደርቅ ሶል የት አገር አለ?»

ይነግራታል፤ ሁልጊዜ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይነግራታል። ቅዳሜ ሲመጣ ግን መጽሐፉ ይገለጣል፣ እሱም በዓሣ ገበያው በር ይገባና ይጠፋል። መቼ እንደሆነ እንጃ፣ «እዚህ ጋ ትቀመጫለሽ» ማለት ቀርቶ «እዚህ ጋ እንቀመጣለን» ሆነ። ግንቡ ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ የሚያዩበትን ቦታ መረጡ። ማማው ለመጨረሻው ቀን ይቆይ ተባባሉ፤ መቶ ሰባተኛው ደረጃ ላይ፣ ልክ መንገዱ እኩል ሲሆን፣ አረፍ ሊሉ ተስማሙ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዕረፍቱ ገባ፣ የጉዞው ቀን አንዴ ተገፋ፣ ደግሞ ተገፋ። በወደብ ከተማዋ ያለች የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ባሕር የሚያሳየውን ክፍል እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ እንደምትጠብቅላት ጻፈች።

ጫማው ካለቀ በሰባተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ፣ መምህሯ መጽሐፉን ሳትይዝ መጣች። ቁጭ በይ ቢላትም አልተቀመጠችም። ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

«ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጪው ብዬ ጽፌላታለሁ። ነገ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፤ ልጆቹን ስጠብቅ እከርማለሁ።»

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። አንተን ከማስቸግር ብዬ ነው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «እውነቱን ንገረኝ፣ አልቀየምህም። እግሬ ነው አይደል? ለዚህ እግር የሚሆን ጫማ አልሠራ ብሎህ ነው። እንዳይከፋኝ ብለህ ነው ክሩ፣ ቀለሙ የምትለኝ። ወንድሜ ልክ ነበረ፤ ደረጃ ለእኔ አልተፈጠረም።»

ጫማ ሰፊው ደነገጠ። ሰባት ሳምንት ሙሉ የራሱን ልብ ሲያባብል የእሷን ሲሰብር መክረሙ አሁን ገና ታየው። ዝም ቢል ትቀራለች። የወንድሟ ቤት ሩቅ አይደለም፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ትመጣ ይሆናል። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፣ ዝምታ ደግሞ ያውቅበታል።

በርጩማው ላይ ወጣ። ከላይኛው መደርደሪያ ጥቅሉን አውርዶ ጨርቁን ፈታና እግሯ ሥር አኖረው።

«በቀጠሮው ነው ያለቀው» አለ። «ሰባት ሳምንት ሆነው።»

እሷ ተቀምጣ አጠለቀችው። ተነስታ እስከ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች። በሳጥን ደረጃው ላይ ማንንም ሳትይዝ ወጣች፣ ወረደች። ቀጥ ብላ ነበር የምትራመደው። ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ሰባት ሳምንት» አለች። «ሰባት ሳምንት እግሬን ስረግመው ከረምኩ።»

«አላወቅኩም። አፈር ልብላ፣ እንደዚያ ታስቢያለሽ ብዬ አላሰብኩም።»

«ለምን? ለምን ደበቅከኝ?»

«ጫማው ካለቀ አትመጪም ብዬ።»

እናቱ መርፌያቸውን አቆሙ።

«ነይ ብትለኝ አልመጣም ነበር?» አለች መምህሯ። ፖስታውን ለሁለት ቀድዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችውና ወጣች። በሩ ላይ ዞር ትል ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልዞረችም።

«እሰይ» አሉ እናቱ። «ዘግይተህም ቢሆን ሰው ሆንክ። አሁን ቻለው።»

ቻለው፤ ምን ምርጫ አለው? ከዕረፍቱ የቀረው ዐሥራ አንድ ቀን ነበር። ቀኑን በከተማዋ ቆጠረው። ዛሬ በዓሣ ገበያው በር ገብታለች፤ ዛሬ መርከብ ሠሪዎቹ ሰፈር ናት፤ ዛሬ ግንቡ ላይ ተቀምጣለች፣ ያን ቦታ አልረሳችውም ይሆናል። የደንበኛ ጫማ ተረከዝ በእጁ እንደያዘ በሐሳቡ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ይፈዛል፣ ማስቲሹ እጁ ላይ ይደርቃል። በዐሥራ አንደኛው ቀን ሁለት መቶ ዐሥራ አራቱንም ደረጃ አብሯት ወጣ። ሱቁ ውስጥ ሆኖ፣ በልቡ። ናፈቀችው፤ ክፉኛ ናፈቀችው።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። አንድ ሳምንት አለፈ፣ አልመጣችም። የሳጥን ደረጃውን ሊያፈርሰው መዶሻ አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በዚያችው ሰዓት ገባች። ፊቷን ፀሐይ ነክቶታል። ያንን የድሮውን ባለ ቡሽ ጫማ አድርጋለች፤ ቡናማውን ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና እጇን አጣምራ ቆመች። ያንብበው ማለቷ ነው።

ገለበጠው። ቆዳው ላይ ነጭ የጨው መስመር አለ፤ ማዕበል ደርሶባታል። ስፌቱ ውስጥ አሸዋ ገብቷል፤ ያን ያህል አጥብቆ ሰፍቶም አልዳነም። ተረከዙ ግራና ቀኙ እኩል ተበልቷል፤ ሳትዛነፍ፣ ሳይደክማት ብዙ መንገድ ሄዳለች። ደስ አለው። ከዚያ ጫፉን አየ፣ ወደ መስኮቱ አዙሮ ደግሞ አየ።

«ማማው ላይ አልወጣሽም» አለ።

«ሃያ ሁለት ደረጃ ወጥቼ ወረድኩ።»

«ጫማው ጎዳሽ እንዴ?»

«ጫማህስ መልካም ነው። እስከ ላይ ያደርሰኝ ነበር። ብቻዬን ሃያ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ተናደድኩብህ። መቶ ሰባተኛው ላይ ከማን ጋር ነው አረፍ የምለው? ያቀድነው ለሁለት ነበር እኮ።»

እናቱ ከጥግ ሆነው ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ልጃቸው አስታዋሽ አላስፈለገውም።

«ወድጄሻለሁ» አለ። «ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ይቅር በይኝ።»

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

«ይገባኛል።»

«እስከሚቀጥለው ዕረፍት ይበርድልኝ ይሆናል» አለችና ዓይኗን ወደ እግሩ ጣለች። እሱ ያደረገው የተበጠሰ ነጠላ ጫማ ነው፤ የጫማ ሰፊ ነገር! «በዚህ ማማ አይወጣም። ለራስህ ጫማ ስፋ።»

«እሺ። በሦስት ሳምንት—»

«ያንተን ቀጠሮ አውቀዋለሁ! ቁጭ ብዬ እያየሁህ ነው የምትሰፋው።»

ከጠረጴዛው ሥር ወረቀት ስባ መሬት ላይ ዘረጋችው። ዝቅተኛዋን በርጩማ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ከጆሮው ላይ እርሳሱን ወሰደች። እሱ ነጠላ ጫማውን አውልቆ፣ እንደ ሕፃን እያፈረ፣ ባዶ እግሩን ወረቀቱ ላይ አስቀመጠ።

«ባሕር ምን ምን ይሸታል?» አላት።

«ሄደህ ታሸትታለህ» አለች፣ እርሳሱን በተረከዙ ዙሪያ ማዞር እየጀመረች። «አታንቀጥቅጠው። መስመሩ ይጣመማል።»