የልብ ድርሻ

ጎሚስታውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ክሪክ» እያለ ነው የሚጠራው። ክሪክ ማለት ጎማ ሲፈነዳ መኪናን ከመሬት ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ነው እንግዲህ። ስሙ የወጣለት አንድ ደንበኛ ቢያጣድፈው፣ ክሪኩን ፈልጎ ሲያጣ የመኪናዋን ጀርባ በሁለት እጁ አንሥቶ፣ ባልደረባው ጎማውን እስኪቀይር ድረስ ይዟት ቆሟል ተብሎ ነው። እውነት እንደሆነ ሲጠይቁት «ኧረ ተዉኝ እናንተ ሰዎች» ብሎ ይስቃል እንጂ አይክድም።

ከሥራ ሲወጣ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ፈትጎ ይታጠብና በቀጥታ ጂም ይገባል። እዚያ ለዓመታት ብረት ሲያነሣ ኖሯል። ደረቱ ከመስፋቱ የተነሣ ገበያ ላይ በልኩ ሸሚዝ አይገኝም፤ ልብስ ሰፊዋ ታላቅ እህቱ ናት የምትሰፋለት። ሜትሯን በጀርባው ዙሪያ እያሳለፈች «አንተ ልጅ፣ ጨርቁን ሁሉ ልትጨርስብኝ ነው!» ስትለው ደስ ይለዋል። እናታቸው የሞተችው እሱ ገና በልጅነቱ ነው። ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ ሲያመው አጠገቡ ያደረችው ይህችው እትዬ የሚላት እህቱ ናት። ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም፤ እሷም ከእሱ ሌላ የላትም።

በጂሙ መስኮት ዳር የመሮጫ ማሽኖች ተደርድረዋል። ክሪክ አንድም ቀን ወጥቶባቸው አያውቅም። በእነሱ ላይ የሚሮጡትን እያየ «ወገኖቼ፣ የት ልትደርሱ ነው?» እያለ ጓደኞቹን ያስቃል። ፀጉራቸው የሸበተው አሰልጣኝ ግን አይስቁም።

«ልጄ፣ ብረቱን ስትጨርስ ትንሽ ፈጠን እያልክ ብትራመድ ምን አለበት? ልብም እኮ ድርሻዋን ትፈልጋለች» ይሉታል።

«ኮች፣ ሩጫ ጡንቻ ይበላል። ይህን ሁሉ ዓመት የለፋሁበትን በገዛ እጄ ላቅልጠው?»

«በልኩ ከሆነ ምንም አይበላህም። ልኩን ካለፈ ደግሞ ብረቱም ይበላሃል።»

«እሺ» ይላቸዋል። እሺታው ግን ከጥርሱ አያልፍም።

እትዬ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ክሪክ ሊጠይቃት ሲሄድ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ስልኩን አውጥቶ የሚነካካ ይመስላል። ስልክ የሚደውልለት የለም፤ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው። ይህን ለራሱም ቢሆን አምኖ አያውቅም። «ቀኑን ሙሉ ጎማ ሳነሣ ውዬ ነው» ይላል በልቡ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሲኖር የእትዬ እግር ያብጥ ጀመር። ፊቷ ገረጣ፤ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች ታንቀላፋለች። ሐኪም ቤት ስትሄድ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መድከማቸው ተነገራት። የኩላሊት እጥበት ጀመረች። ከማሽኑ ስትመለስ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ሆና ትተኛለች፤ እሱ ደግሞ እግሯ ሥር ተቀምጦ የሚያደርገው ይጠፋዋል።

አንድ ቀን ሐኪሟ ስለ ንቅለ ተከላ ስታነሣ፣ ንግግሯን ሳያስጨርሳት «የእኔን ውሰዱ! ዛሬውኑ!» አለ።

እትዬ አይሆንም ብላ ብዙ ተከራከረች። እሱ ግን ይዞ የማይለቅ ሰው ነው፤ አሸነፋት። ደሙ ከደሟ ተስማማ። ኩላሊቶቹም ጤነኛ ሆነው ተገኙ። በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ደረቱን ነፍቶ ሲሄድ ነርሶቹ ዞር ብለው ያዩት ነበር። ቀሪው ምርመራ ለእሱ ጨዋታ መስሎት ነበር።

የደም ግፊቱን ሲለኩት ከፍ ብሎ ተገኘ። ደግመው ለኩት፤ ያው ነው። ሌት ተቀን ክንዱ ላይ የሚውል መሣሪያ አስረው ላኩት፤ ውጤቱ አልተለወጠም። የልቡን አቅም ሊያዩ መሮጫ ማሽን ላይ ሲያወጡት ደግሞ ገና ፍጥነቱ ከፍ ከማለቱ ላብ አጠመቀው፤ አፉን ከፍቶ «በቃ፣ በቃ» አለ። ዕድሜ ልኩን የሳቀበት ማሽን!

ሐኪሟ አስቀምጣ አነጋገረችው።

«ክንድህ ሰልጥኗል። ልብህን ግን ማንም አላሰለጠናትም። አንድ ኩላሊቱን የሰጠ ሰው በቀረችው በአንዷ ነው የሚኖረው፤ ግፊቱ ከፍ ካለ ያችኑ አንዷን ይጎዳበታል። እህትህን ከእጥበት አስነሥቼ በእሷ ቦታ አንተን አላስተኛም።»

«ጤነኛ ነኝ እኮ! እዪኝ እስቲ!»

«አየሁህ። ያየሁት ግን ውጭህን ብቻ አይደለም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በሩ ግን ጨርሶ አልተዘጋም። ጨው ቀንስ፣ እንቅልፍህን ጠብቅ፣ ልብህን የሚያሠራ እንቅስቃሴ ጀምር። ከወራት በኋላ እንደገና እናይሃለን። ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልህም።»

ክሪክ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት እንደወጣ አያውቀውም። እህቱ ፊት ቆሞ የሐኪሟን ቃል ነገራት። ያ ሁሉ ጉልበት ለማን ሊሆን ነው? እትዬን አንድ ቀን ቢያስፈልጋት፣ የዚያን ቀን የማይጠቅም ጉልበት ምን ይባላል? እንደ ልጅ አለቀሰ።

እሷ ግን ሰምታ ስትጨርስ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። «ተመስገን!»

«ምን ተመስገን አለው እትዬ? አይሆንም አሉኝ እኮ ነው የምልሽ!»

«ተመስገን ነዋ! እኔ ባልታመም አንተ መች ትመረመር ነበር? አንድ ቀን ጎማ እንደተሸከምክ ድፍት ብትልብኝስ? በእኔ ሰበብ ታወቀልህ። አሁን ሂድና የተባልከውን አድርግ። ለእኔ ብለህ ሳይሆን ለራስህ።»

ሰው ግን ልማዱን በአንድ ጀምበር አይጥልም። ክሪክ መሮጥንም እንደ ብረቱ በጉልበት ያዘው። እግሩን በከባድ ብረት ካደከመ በኋላ ወዲያው ማሽኑ ላይ ወጥቶ እስኪያቅለሸልሸው ይሮጣል፤ በማግስቱም ይደግመዋል። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ አበጠ፣ እንቅልፍ እምቢ አለው፣ ግፊቱም ንቅንቅ አላለም። እያነከሰ ወደ አሰልጣኙ ሄደ። አንገቱን ደፍቶ «ኮች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አላውቅበትም፤ ያስተምሩኝ» አላቸው።

አሰልጣኙ ያንን ቀን ጠብቀው እንደነበር ያስታውቃል፤ ነገር ግን «አላልኩህም ነበር?» የምትለዋን ቃል አልተነፈሷትም። ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ስማኝ ልጄ። ሁለቱ ጠላቶች አይደሉም፤ ተራቸውን ማወቅ ነው የሚፈልጉት። ግብህ ጉልበት ከሆነ ብረቱን አስቀድም፣ ሳትደክም። ግብህ ትንፋሽ ከሆነ ደግሞ እርምጃውን አስቀድም። ያንተ ልብ ዛሬ ትቅደም፤ ብረቱን ቀለል አድርገህ አስከትል። በቻልክ መጠን ደግሞ ሁለቱን በተለያየ ቀን አድርጋቸው። እግርህን በብረት ባደከምክበት ቀን ረጅም ሩጫ አትሂድ። ካረፍክ አይቀር ደግሞ በደንብ እረፍ።»

«ፍጥነቱንስ በምን ልወቀው?»

«እያወራህ መሄድ ከቻልክ ደህና ነህ። መዝፈን ከቻልክ ግን ተኝተሃል ማለት ነው፤ ፍጠን!»

ክሪክ ከስንት ቀን በኋላ ሳቀ። ጉልበቱ እስኪሻለው ጠብቆ ከእርምጃ ጀመረ። ከመንጋቱ ጋር ተነሥቶ በሰፈሩ ዙሪያ ፈጠን እያለ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አሮጊቶች እያለፉት ሲሄዱ ያፍር ነበር፤ በኋላ ግን ለመዳቸውና ሰላምታ ይለዋወጡ ጀመር። «እንዴት አደርክ የእኛ ጎበዝ፣ ዛሬ ደግሞ ቀደምከን!» ይሉታል። እርምጃው ወደ ሶምሶማ ተለወጠ። ብረቱንም አልተወም። የጂም ጓደኞቹ «ከሳህ እኮ፣ አለቅህ!» ሲሉት እጁን አንሥቶ ያሳያቸዋል፤ ጡንቻው እንዳለ ነው። የቀለጠው ሆዱ ብቻ ነው።

እትዬም እጥበት በሌለባት ቀን ሸሚዙን በጎን በጎኑ እያጠበበች «ተመስገን፣ ጨርቄ ተረፈልኝ» ትል ነበር።

የሐኪሟ ቀጠሮ ደረሰ። ያችን መሣሪያ እንደገና ሌት ተቀን ክንዱ ላይ አሰሩለት። ውጤቱን ልትነግረው ስትገባ ክሪክ ፊቷን ማየት ፈርቶ ወለሉን ያይ ነበር።

«እህትህን ጥራት። ለሁለታችሁም ነው የምነግራችሁ» አለችው።

ግፊቱ ተስተካክሎ ነበርና ቀዶ ሕክምናው ተፈቀደ፤ በሰላምም ተጠናቀቀ። ክሪክ ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ እሷ ነው። «እየሠራላት ነው» አሉት። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልሰማም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ዕንባውን ለቀቀው። ቁስሉ እስኪጠግ ከባድ ነገር እንዳያነሣ ሲከለከል አላጉረመረመም። በኮሪደሩ ቀስ እያለ መራመድ ተፈቅዶለት ነበርና በእሱ ተጽናና።

እትዬን ሊያሰናብቷት ሲሉ ሐኪሟ ሌላ ነገር ጨመረች። «በሕመሙ ጡንቻሽ ተመናምኗል። ቁስልሽ ሲድን መራመድ ብቻ አይበቃሽም፤ ቀላል ቀላል ክብደት ማንሣት ይኖርብሻል።»

«እኔ? ብረት? በዚህ ዕድሜዬ!» ብላ እትዬ አፏን በእጇ ያዘች። የሚያስተምራት ግን ወንድሟ ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አቁሟት፣ በሁለት እጇ ውኃ የተሞሉ ትንንሽ ጠርሙሶች አስይዞ «ቀስ በዪ፣ ትንፋሽሽን አትያዢ» ይላታል። እሷም ጥቂት አንሥታ «ወይ ጉዴ፣ ይኼን ነው በፈቃድህ የምትሠራው?» ትለዋለች።

ዛሬ ደንበኞቹ «አንተ ጀግና ነህ፣ ኩላሊትህን ሰጠህ» ሲሉት ይጨንቀዋል። «የተረፍኩትስ እኔ ነኝ» ይላል። አሰልጣኙንም በተገናኙ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚጨብጣቸው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ብረት የምታነሡ ብረታችሁን አትጣሉ፤ የምትሮጡም ሩጫችሁን አትተዉ። አንዱን ስትወዱ ግን ሌላውን አትናቁ። ሁለቱንም ጀምሩ፣ በአቅማችሁ ጀምሩ፣ የሚያውቅ ጠይቃችሁ ጀምሩ። ግፊታችሁንም ተለኩ። የምትወዱት ሰው የሚፈልጋችሁ ቀን ቀድሞ አይነግራችሁም።

እህትና ወንድም አሁን ጠዋት ጠዋት አብረው ይራመዳሉ። ባለፈው እትዬ ጥቂት ቀድማው ሄዳ፣ ዞር ብላ ስታየው ቆሟል። ፀሐይዋ ፊቷ ላይ አርፋለች፤ ጉንጯ ቀልቷል።

«ምን ሆነህ ነው? ደከመህ?»

«አይ እትዬ፣ እያየሁሽ ነው።»

«በል ና፣ እየሄድክ እየኝ» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።