ትሪ የተሸከመችው ልጅ

«መልሱልኝ፤ ከመጀመሪያው» አሉ ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አሮጊት፣ ሐጃ ኢንሳፍ።

ተማሪዋ ሻዛ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብላ ቪዲዮውን እንደገና አስነሳችው። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያ የባሕሪ ሰፈር ጠባብ መንገድ ተመልሶ መጣ፤ ቀለሙ ደብዝዞ ወደ ቢጫ የሄደ፣ ጭረትና አቧራ የሚዘንብበት። አንዲት ልጅ ጀርባዋን ሰጥታ የኢድ ብስኩት የተደረደረበት ትሪ በጭንቅላቷ ተሸክማ ወደ ዳቦ ቤት ትሄዳለች። ትሪው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታስሯል።

«ናጅያ ናት። እህቴ» አሉ ሐጃ። «ጨርቁን ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ ዳቦ ቤት ከሰው ትሪ ጋር እንዳይቀየርባት።»

ከሻዛ አጠገብ የቆመችው ጓደኛዋ ሪሃም ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ልጅቷ እሷው ራሷ ነበረች! ባለፈው ሳምንት የእናቷን ቀሚስ ለብሳ፣ ሻዛ በሪሃም ስልክ ቀርጻት። ቀለሙን ያደበዘዘችው፣ ጭረቱን የጨመረችው፣ ምስሉ እንዲንቀጠቀጥ ያደረገችው ራሷ ሪሃም ናት። በሥራዋም ኮርታ ነበር። ሻዛ ግን ለትምህርት ቤቱ የፊልም ውድድር ያስገባችው «አያቴ በወጣትነቱ የቀረጸው ፊልም ነው» ብላ ነው። ይህን ለሪሃም የነገረቻት ዛሬ በር ላይ ነው፤ ያውም እየሳቀች።

ትሪውን ለሁለቱ ያዋሳቸው የዚያው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው። አባቱ «ባለቤቱ ይመጣል» ብሎ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው አሮጌ ትሪ ነበር፣ ጨርቁ እንደታሰረበት። የማን እንደሆነ ማን ይጠይቃል፤ የድሮ ይመስላል፣ በቃ።

«ትሪውን አድርሳ ስትመለስ መኪና ገጭቶ ገደላት» አሉ ሐጃ። «ከዚያ ወዲያ ብስኩት ያስታወሰም የለ። ፎቶዋ ደግሞ ቤታችን ሲፈርስ አብሮ ሄደ። መልኳ እየጠፋብኝ ነው።» ወደ ሻዛ ዞሩ። «ልጄ፣ ትዞራለች? መጨረሻው ላይ ፊቷ ይታያል?»

ሻዛ ላፕቶፑን ከደነች። «ከዚያ በኋላ ያለው ተበላሽቷል፣ ሐጃ። ግን እንፈልጋለን።»

«አላህ ይባርክሽ። እጠብቃለሁ።»

ዳኞቹ ሊመካከሩ ወጡ፤ አንዷ ዓይኗን እየጠረገች ነበር። ሻዛ መጥታ የሪሃምን ክንድ ያዘች።

«አፍሽን ያዥ። ሐጃ ደስ ብሏቸዋል፤ አንቺን ምን ቸገረሽ?»

«ይጠብቃሉ እኮ።»

«ይረሱታል። አርጅተዋል።»

«እህታቸውን?»

«ሪሃም፣ ከትምህርት ቤት ያባርሩኛል። አባቴ ይገድለኛል። ገባሽ?»

ገብቷታል። ሻዛ አሳዘነቻት። ሐጃ ግን መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ ጥለው ባዶውን ግድግዳ ያያሉ።

ሪሃም ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀች። ሄዳ ሐጃ አጠገብ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች። ያልተነካካው ቪዲዮ አሁንም አለ።

«ሐጃ፣ ትዞራለች» አለች። «ግን ናጅያ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። በኮምፒውተር የድሮ አስመስዬው ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

ቪዲዮውን ከፈተችው። ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ጥግ ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። ልጅቷ ትሪውን እንደተሸከመች ዞራ «ኧረ ሻዛ፣ አንገቴ ተሰበረ» ብላ ትስቃለች።

ሐጃ ስልኩን አዩ፣ ከዚያ ሪሃምን፣ ከዚያ ደግመው ስልኩን። ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ ጠፋ። ሪሃም እንዲቆጧት ጠበቀች፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ጨርቁስ?» አሉ በመጨረሻ። «እሱንም በኮምፒውተር ነው የሠራሽው?»

«አይደለም። ጨርቁ የእውነት ነው። ትሪውም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ አለ።»

ሐጃ በእጃቸው ከዘራቸውን ፈለጉ። ዳኞቹ ተመልሰው ከመድረኩ ሻዛንና ሪሃምን አሸናፊ ብለው ጠሩ፤ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ። ሪሃም ከዘራውን ከወለሉ አንስታ ሰጠቻቸውና በክንዳቸው ደግፋ ወደ በሩ ይዛቸው ሄደች።