አራተኛው ቋጠሮ

ዶን ባልታሳር ታንቀው የተገኙት ባላለቀ ሥዕል ሥር ነው። ሥዕሉ ላይ የሟች ወንድማቸው ሚስት ዶኛ ኡርሱላ የመነኩሲት ልብስ ለብሰው፣ ዓይናቸውን ሽቅብ ሰቅለው፣ ሬሳውን ላለማየት የማሉ ይመስላሉ።

ወፍራሙ ዳኛ ኢላሪዮ እያለከለኩ ተንበረከኩ። የሟቹ አንገት ላይ ሰምበር፣ ሰምበሩ ላይ አራት ክብ በለዝ።

«የቋጠሮ ገመድ ነው» አለ ሠዓሊው ሲፕሪያኖ። «ማን እንደሚታጠቀው አልናገርም።»

ዓይኑ ግን የቤቱ ንስሐ አባት ላይ አረፈ።

«ተጣልተን ነበር» አሉ አባ አንሴልሞ ፊታቸው አመድ መስሎ። «እሜቴ ኡርሱላን በግድ ሊያመነኩሳቸው ነው ብዬ አደባባይ ላይ ሰደብኩት። ልሰቀል ነው?»

«አይቸኩሉ፣ አባ። መታጠቂያዎ ስንት ቋጠሮ አለው?»

«ሦስት፤ ለሦስቱ የምንኩስና ስእለት። ድህነት፣ ንጽሕና፣ መታዘዝ። አራተኛው የመነኩሲቶቹ ነው፤ ከገዳም ግንብ ላለመውጣት።»

ሁሉም ወደ ዶኛ ኡርሱላ ዞረ።

«ምን ታፈጡብኛላችሁ? ልብሱን ለብሼው አላውቅም! የጨዋ ሴት ሠዓሊ ፊት የምትቀመጠው ፊቷን ለማሳል ብቻ ነው። ልብሱን ሲፕሪያኖ እዚያ የእንጨት ምስል ላይ ሰቅሎ ነው የሚስለው።»

ዳኛው ወደ እንጨቱ ምስል ሄዱ። የታጠቀው ገመድ ባለ ሦስት ቋጠሮ ነው። ሥዕሉም ላይ ሦስት። አራተኛው ሊኖር በሚገባው ቦታ ጣታቸውን አሳረፉ፤ ጣታቸው ቀለም ይዞ ተመለሰ። የቀረው ሁሉ ደርቋል።

«ዘበኛ፣ በሩን ዝጋ» አሉ። «ባለ አራቱ ገደለና ጠፋ። በምትኩ ሌላ መጣ።»

አባ አንሴልሞ ገመዱን አገላብጠው አዩ። «ይሄማ የኔ ትርፍ መታጠቂያ ነው! ጠፍቶብኝ ነበር!»

«ሰማህ፣ ሲፕሪያኖ? እስከዚህ ጎበዝ ነበርክ። ግን ሥዕሉና ገመዱ እንዳይጣሉብህ ብለህ አራተኛውን በቀለም ሸፈንከው። እርጥቡን ቀለም ከአንተ ሌላ ማን ቀባው?»

ሲፕሪያኖ ብሩሹን በቀስታ አስቀመጠ።

«ልጄን ቴክላን አዋርዶ የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ራሷን እንድትጥል አደረጋት። ከዚያ እኔኑ ጠርቶ ‹ቅድስት ሳልልኝ› አለኝ። የማን አባት እንደሆንኩ እንኳ አላወቀም። ገመዱን ሳጠብቀው ስሟን ነገርኩት። ያን ጊዜ አስታወሰ።»

«እኔስ ምን በደልኩህ፣ ልጄ?» አሉ አባ አንሴልሞ።

«እርስዎማ ንስሐውን ተቀብለው ይቅር አሉት።»

ዘበኛው ሠዓሊውን ይዞት ወጣ።

«እሜቴ፣ ሥዕሉ ላይ አንድ ቋጠሮ መጉደሉን አላዩም?» አሉ ዳኛው።

«ጠዋት አየሁ።»

«ታዲያ ዝም አሉ?»

«የቋጠሮው መጥፋት ከገዳሙ ግንብ ያወጣኝ መሰለኝ።»

«ሌላ ሠዓሊ ያስተካክልልዎ?»

ዶኛ ኡርሱላ ሬሳውን ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልቁል አዩት።

«ማንም እንዳይነካው። አራተኛው እሱ አንገት ላይ ነው፤ ይዞት ይቀበር።»