በሁለት ዓይን የተሣለች ሴት

በነሐሴ ወር ፲፱፻፸፮ ዓ.ም. የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር፤ ቦሌ በዝናብ እየተደበደበች ቀይ ጨርቅ ትለብስ ነበር። የውጭ እንግዶች ገና ከአውሮፕላን ሲወርዱ ጠግቦ የሚስቅ ገበሬ በትልቅ ሰሌዳ ላይ ተሥሎ እንዲቀበላቸው ተወሰነ። ጠግቦ የሚስቅ ገበሬ! በዚያው ወር ትግራይና ወሎ ሕዝቡ በረኃብ ይረግፍ ነበር።

ሰሌዳውን እንዲሥል የታዘዘው የተንቤኑ ገብረእዝጊ ነው። ከአባቱ የወረሰው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ነበር፤ በዚያ ሥርዓት ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ሰይጣንና ከሃዲ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ከበላይ በመጣው ንድፍ ባለጢሞቹ ፈረንጅ የአብዮት መሪዎች ከላይ፣ ገበሬዎቹ ከታች፣ ሁሉም ወደ ጎን ዞረዋል። ገብረእዝጊ ባለጢሞቹን ያለ አንዳች ቅሬታ በአንድ ዓይን ሣላቸው።

ገበሬዎቹ ላይ ሲደርስ ታላቅ እህቱ መብራት ከተንቤን ተነሥታ፣ የከተማውን ኬላ በእግሯ ዞራ ገርጂ፣ ከቤቱ ደረሰች። ሁለት ልጆቿን መንገድ ላይ ቀብራለች። ለበዓሉ ሲባል ረኃብተኛ ወደ ከተማ እንዳይገባ ታዞ ስለ ነበር ደብቆ አስቀመጣት።

«እትዬ፣ ልሣልሽ?» አላት።

«ሣለኝ። ግን ጉንጬን አትሙላው፤ የልጆቼን ሞት ሐሰት ታደርግብኛለህ።»

ሠላሳ ዓመት ከአባቱ የተማራቸውን ፊቶች ሲገለብጥ የኖረው ሰው ማንም ያልሰጠውን ፊት ሣለ። ሰሌዳው ላይ እህቱን ከገበሬዎቹ መካከል፣ እንደ ከሳች፣ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኗ አቆማት፤ ጨርሶ ሲያያት አለቀሰ። ለካ ገልባጭ አይደለም፤ ሰዓሊ ነው! በአርባ ስምንት ዓመቱ ራሱን ገና ያን ዕለት ዐወቀ።

በማግስቱ የቀበሌው ካድሬ ጓድ ኃይለኪሮስ ሰሌዳውን ሊያይ ቦሌ መጣ።

«ይቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው የምታፈጥብን? ጉንጯን ሙላና ወደ መሪዎቹ አዙራት!»

«ገበሬ ሣል አሉኝ፣ ገበሬ ሣልሁ፣ ጓድ።»

«አዙራት ብዬሃለሁ!»

«አላዞራትም! በጎን የሚሣልማ የተኮነነ ነው፤ እሷ ምን በደለች?»

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ደነገጠ። ኃይለኪሮስ ድሮ ድቁና የተቀበለ ሰው ነበር፤ ቀና ብሎ ባለጢሞቹን አየና ፊቱ ዐመድ መሰለ። ያየውን ሊገልጽ ግን አልደፈረም፤ የቤተ ክርስቲያኑን ሥርዓት እንዴት ዐወቅህ መባልን ፈራ። ስለዚህ ገብረእዝጊን «ትእዛዝ በመጣስ» ብሎ አሳሰረው፤ ቤቱ ሲፈተሽ መብራት ተገኘችና በካሚዮን ወደ መጣችበት ረኃብ መለሷት። ሰሌዳው ላይ ሌላ እጅ ጉንጯን ሞልቶ ፊቷን አዞረው።

የበዓሉ መዝገብ ሰልፉን፣ ንግግሩንና የእንግዶቹን ስም አንድም ሳያጓድል ጽፏል። ገብረእዝጊ ከሰባት ዓመት በኋላ ከእስር ሲወጣ ተንቤን ድረስ ሄዶ ስለ እህቱ ጠየቀ፤ ደርሳ እንደ ሆነ እንኳ የሚያውቅ ሰው አላገኘም።