የሦስተኛው ማሽን ሕመም

ነርሷ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ ቀዩን ወረቀት ሦስተኛው የመተንፈሻ ማሽን ግንባር ላይ ለጠፈችው። «ተበላሽቷል» ይላል። ማሽኑ ግን ከእሷ የተሻለ ጤነኛ ነበር።

ድንገተኛ ክፍሉ ሦስት ማሽኖች አሉት። ሁለቱ ከሕመምተኛ አልጋ አይለዩም፤ ሦስተኛው ተጠባባቂ ነው፣ ጥግ ይዞ ይቆማል። ማሽን ሲታመም ከጥገና ክፍል የሚመጣው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ «ጆሮ» ይሉታል።

ስሙን ያወጣችለት ነርሷ ናት። መጀመሪያ የመጣ ቀን ጉንጩን ማሽኑ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ሲጨፍን፣ አዞረው ብላ ኮሌታውን ጨምድዳ ያዘችው።

«ወንድሜ! ደህና ነህ?»

«ዝም በይ እስቲ... እየሰማሁት ነው።»

«ምን ይልሃል?»

«አንዲት ነርስ አንቃ ልትገድልህ ነው ይለኛል።»

ሌሎቹ ስቀው ረሱት። እሷ ልብ ውስጥ ግን ቀረ።

ክፋቱ ጆሮ ጎበዝ ነው፤ እጁ ያረፈበት ዕቃ ቶሎ አይበላሽም። ወር አለፈ፣ አልመጣም። እግር በተሰማ ቁጥር ቀና ማለት ሲሰለቻት የመጀመሪያውን ቀይ ወረቀት ለጠፈች። መጣ። ማሽኑን ፈታ፣ ገጠመ፣ አዳመጠ።

«ያፏጫል አላልሽም? እኔ ስመጣ እኮ ዝም ይላል።»

«አፍሮህ ይሆናል።»

ዛሬስ እንደወደድኩት እነግረዋለሁ ትላለች። ከአፏ የሚወጣው ግን «ውሃ ላምጣልህ?» ብቻ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። የዛሬው አራተኛው ወረቀት ነው።

ወደ ጥገና ክፍል ልትደውል ስልኩን ስታነሳ በሩ ተበረገደ። አንዲት ሴት በተሽከርካሪ አልጋ ገባች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል፣ ከንፈሯ ጠቁሯል። ባሏ ጫማዋን በእጁ ይዞ ከኋላ ይሮጣል። ሐኪሙ ቱቦ አስገባላት። ነርሷ የእጅ ፊኛውን ይዛ መጭመቅ ጀመረች፤ አንድ ጭመቃ፣ አንድ ትንፋሽ።

«ማሽን አምጡ!» አለ ሐኪሙ።

የክፍሉ ኃላፊ ወደ ጥጉ ተመለከተች። «ሁለቱ ተይዘዋል፤ ሦስተኛው ተበላሽቷል። አምቡላንስ ጥሩ፣ ሌላ ሆስፒታል እንላካት።»

«መንገዱን አትችለውም!» አለ ሐኪሙ።

ልክ በዚያች ቅጽበት ጆሮ በሩ ላይ ብቅ አለ። ማንም አልጠራውም፤ አዲስ የጎማ ቱቦ ይዞ ፊቱ በርቷል። «ፉጨቱን አገኘሁት መሰለኝ...»

ነርሷ ፊኛውን ጨመቀች። ሴትየዋን አየች። እሱን አየች።

«ይሠራል!» አለች። «ማሽኑ ምንም አልሆነም። ወረቀቱን የለጠፍኩት እኔ ነኝ... ውሸት ነው!»

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። ጆሮ ግን ወረቀቱን ገንጥሎ ማሽኑን እየገፋ አመጣ። ኦክስጅኑን አገናኘ፤ በላስቲክ ፊኛ ሞከረው። ጆሮውን አላስጠጋም።

«ዝግጁ ነው።»

የሴትየዋ ደረት ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ነርሷ የእጅ ፊኛውን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች።

ጆሮ ኮሪደሩ ላይ ጠበቃት።

«ለምን?»

«እንድትመጣ ብዬ...»

«ሦስት ጊዜ ፈታሁት እኮ! ብሎን በብሎን። አለቃዬ አትችልም አለኝ፤ እኔም አመንኩት። እናቴን፣ በሽታው የጠፋኝ ማሽን አለ፣ ሥራውን ልተወው ነው አልኳት።»

መልስ ሳይጠብቅ ሄደ።

በማግስቱ ጥገና ክፍል ሄዳ አለቃው ፊት ቆመች። «ማሽኑም ልጁም እንከን የለባቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ጆሮ በዚያ ሰዓት አልነበረም።

ሴትየዋ በአምስተኛው ቀን በራሷ ተነፈሰች። ነርሷ ከማስጠንቀቂያ ጋር ወደ ቁስል ማጠቢያ ክፍል ተዛወረች።

«ልጄ» አለች ኃላፊዋ ደብዳቤውን ስትሰጣት፣ «ፍቅር ዕውር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ፕላስተር ይዞ ሲዞር ግን በአንቺ አየሁ። ሰው ሊሞት ነበር።»

«አውቃለሁ እትዬ። ሲያንሰኝ ነው።»

አዲሱ ክፍል ሶኬት ላይ የሚሰካ ነገር የለውም። መቀስ፣ የቁስል መሸፈኛ ጎዝ፣ ወንበር፣ አንድ ጎማው ሲጢጥ የሚል ጋሪ። ጆሮን የሚያስመጣ አንዳች የለም! ሁለት ወር ሙሉ የሰው ቁስል እያጠበች የራሷን ቻለችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎዝ ስታጥፍ በሩ ተንኳኳ። ጆሮ ነበር፤ የዘይት ጠርሙስ ይዟል።

«የሚጮህ ነገር አለ ብለው ደውለው...»

«ማንም አልደወለም።»

መሬት መሬት አየ። «አዎ። የሚደውል ሳጣ ጊዜ ነው የመጣሁት።» ከዚያ፣ «አለቃዬ ነገረኝ፤ መጥተሽ ያልሽውን።»

ቁጢጥ ብሎ ጉንጩን ጋሪው ላይ አስደገፈ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

«ምን ይልሃል?» አለች።

«እኔ ምንም አልሆንኩም፤ ናፍቀሃት ናፍቃህ ነው ይለኛል።»

እንባዋም ሳቋም እኩል መጡ።

«ሁለተኛ ወረቀት አትለጥፊ» አለ። «ስትፈልጊኝ ጆሮ ብለሽ ጥሪኝ። እሰማለሁ።»

«ጆሮ...»

«አቤት።»

ጎማው ላይ ሁለት ጠብታ ዘይት አንጠባጠበ። ጋሪውን ወደ እሷ ገፋ፤ መለሰ። ድምፅ የለም። የጠርሙሱን ክዳን አጥብቆ በእሷ መደርደሪያ ላይ፣ ከጎዙ አጠገብ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀመጠው።