ከአምስተኛው ደረጃ በኋላ

ኢዮስያስ ከቀዘፋ መለማመጃው ማሽን ጎን በጀርባው ተዘርግቷል። ገና ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። ኢንስፔክተር ዘርፌ ገርጂ ወዳለው የስፖርተኞች መፈተኛ ክፍል ስትገባ ሦስት ሰዎች ላለመተያየት እየተጠነቀቁ ቆመዋል፤ አሰልጣኙ ጉግሳ፣ ፈተናውን የምትሰጠው ብሩክታይትና የሟቹ ተፎካካሪ ሃይደር።

«ሰባቱንም ደረጃ ጨርሶ ነው የወደቀው» አሉ ጉግሳ። «ምንም አልሆነም ነበር። ብቻ ቀደም ብሎ ሃይደር የሰጠውን ጠጥቷል።»

«ግሉኮስ ነው! እኔም ከዚያው ጠርሙስ ጠጥቻለሁ፤ ሲፈተን ደግሞ ውጭ ነበርኩ» አለ ሃይደር። «ብሔራዊ ቡድኑ ውስጥ የቀረው አንድ ቦታ ስለሆነ እኔ ላይ ሊያላክኩ ነው።»

ዘርፌ አንዳቸውንም አላመነችም። ብሩክታይትን ወደ ኮሪደሩ ወሰደቻት።

«እስኪ ፈተናውን አስረጂኝ።»

«አራት ደቂቃ ይቀዝፋል፣ አንድ ደቂቃ ያርፋል። በየደረጃው እየከበደ ይሄዳል። ባረፈ ቁጥር ከጆሮው ጠብታ ደም እወስዳለሁ። ከደሙና ከልብ ምቱ ተነስተን ሁለት ሺህ ሜትሩን በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ እንገምታለን።»

«ሲወድቅ የት ነበርሽ?»

«አምስተኛውን ደም እንደወሰድኩ፣ ሞቆታልና ከውጭ ሱቅ በረዶ ፈልጊ ብለው ጉግሳ ላኩኝ። ስመለስ ወድቆ አገኘሁት። አምቡላንስ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ዘርፌ ስልኳን ተቀብላ ሰዓቱን አየች። ከዚያ የቆሻሻ ቅርጫቱን፣ የውጤት ወረቀቱን፣ የማሽኑን መዝገብና የሟቹን ፋይል አንድ በአንድ አገላብጣ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«አሰልጣኝ፣ ፈተናው መቼ ተጀመረ?»

«ልክ ሦስት ሰዓት።»

«ሰባት ደረጃ ሠላሳ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ማሽኑ ግን ሃያ አራተኛው ደቂቃ ላይ ቆሟል፤ አምስተኛው ደረጃ እንዳለቀ። ወረቀቱ ላይ የሰባት ጠብታ ውጤት ሰፍሯል፤ ቅርጫቱ ውስጥ የተጣሉት የደም መመርመሪያዎች ግን አምስት ናቸው። የቀሩትን ሁለት ቁጥሮች ከራስዎ ነው የጻፏቸው።»

«ለምን ብዬ?»

«የልብ ሐኪሙ፣ ሳልመረምረው እንዳይፈተን ብሎ የጻፈልዎትን ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ጤነኛ ሆኖ ጨርሷል ከተባለ ጥፋቱ የእርስዎ መሆኑ ቀርቶ የጠርሙሱ ይሆናል። አምቡላንስ የተጠራው ሦስት ሰዓት ከሠላሳ ስድስት ነው። እርስዎ ቁጥር ሲፈጥሩ ልጁ ከአሥር ደቂቃ በላይ መሬት ላይ ተኝቷል።»

ጉግሳ አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ።

«የሞተ መስሎኝ ነበር» አሉ በስተመጨረሻ። «አንዴ ከሞተ ምን አደርግለታለሁ ብዬ...»

ብሩክታይት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እኔ ስገባ እኮ ይተነፍስ ነበር» አለች።