የጠራዡ ሁለተኛ ገጽ

መጽሐፍ ጠራዡ አልጋው ላይ በሆዱ እንደተኛ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ አንሶላውን ገለጥ ሲያደርግ በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። የሟቹ ገላ ከአንገቱ እስከ ወገቡ ቡናማ ነጠብጣብ ወርሶታል። መርማሪዋ ግን ጎንበስ ብላ አየች። ከቀኝ ትከሻው ሥር ነጠብጣቦቹ ቀልተው አብጠዋል፤ እብጠቱም ሦስት ሦስት መስመር እየሠራ ወደ ታች ይወርዳል።

«እዚህ ቦታ በራሱ እጅ ይደርሳል?» አለች።

«አይደርስም» አለ ሐኪሙ። «እኔም የራሴን አልደርስበትም።»

ሰፈሩ ግን ገዳዩን እኩለ ቀን ሳይሞላ አግኝቷል። ማታ ሾርባ ያመጡለት አከራይዋ ናቸው፤ እሳቸውም ሌሎቹ ተከራዮች በሽታውን ስለፈሩ ክፍሉን እንዲለቅላቸው ሲወተውቱት ከርመዋል። ሴትዮዋ ጣቢያ ታሰሩ።

«እንዲለቅልኝ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽሽም» አሉ አከራይዋ። «እንዲሞት ግን አልፈለግኩም፣ ልጄ። ሰሃኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ነው የምመለሰው። አምስት ዓመት ሙሉ እጁን ጨብጬው አላውቅም።»

ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ሹፌር ራሱን አከከ። «አመሻሽ ላይ ሲስቅ ሰማሁት። ገርሞኝ ሬዲዮኔን ቀነስኩ።»

«ከዚያ በፊት ሲስቅ ሰምተውት ያውቃሉ?»

«ኧረ በጭራሽ። ሰው ሲወጣም ኮቴ አልሰማሁም፤ ብቻውን ነው የሚስቀው ብዬ ተውኩት።»

መጨረሻ ላይ የተጠየቀችው የሟቹ እህት ነበረች፤ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት። ሻርፕ ተከናንባ ተቀመጠች። «ሰባት ዓመት አልተያየንም» አለች። «ልጆቼ ላይ እንዳይጋባ ፈርቼ።» መርማሪዋ ውሃ ስትሰጣት ብርጭቆውን በግራ እጇ ተቀበለች።

በሦስተኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ። መርማሪዋ አከራይዋን ከጣቢያ አስመጥታ ሦስቱንም በጠራዡ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክፍሉ አንድ ወንበር ብቻ ነበረው፤ እንግዳ የማይጠብቅ ሰው ሁለት ምን ያደርግለታል?

«መርዝ የለም፤ ሾርባውም ንጹሕ ነው» አለች። «ደሙ ውስጥ ግን ትሪፕቴዝ የሚባለው ነገር ከመጠን በላይ ነበር። ጠራዡ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት ቆዳው ውስጥ የተከማቹበት ሰው ነው። ነጠብጣቡ ሲታሽ ያብጣል፤ ሐኪሞች በሽታውን የሚጠረጥሩትም በዚሁ ነው፤ ከዚያ ከቆዳው ቁራጭ ወስደው ያረጋግጣሉ። እሱም ከሁለት ወር በፊት ተመርምሯል። በሽታው አይጋባም።»

አከራይዋ አንገታቸውን ደፉ።

«ሕዋሳቱ ከተቆጡ ግን ያንን ትሪፕቴዝና ሌላም ነገር ደም ውስጥ ረጭተው ልብ እስከ ማቆም ይደርሳሉ። ጀርባው በኃይል ታሽቷል፤ ሊወስደው የማይገባ የሕመም ማስታገሻም ደሙ ውስጥ ተገኝቷል። ታዲያ ማን አሸው? እማማ እጁን እንኳ አይጨብጡም። ሹፌሩ ሳቁን ሰምቷል፤ ዓመታት ያልሳቀ ሰው ደግሞ ለግድግዳ አይስቅም። ያሸው እጅ አራት መስመር መተው ሲገባው ሦስት ነው የተወው።» ወደ እህቱ ዞረች። «ቀኝ እጅዎን ያሳዩን።»

እህቱ እጇን ከሻርፑ ሥር አወጣች። የመሃል ጣቷ ከሥሩ የለም።

«መቁረጫ ማሽኑ ነው የወሰደው» አለች። «ወንድሜ አስጠርቶኝ መጣሁ። የሐኪም ወረቀት አሳየኝ፤ አይጋባም ይላል። የልጅነታችንን አንስተን ሳቅን። ጀርባዬን አሞኛል ሲለኝ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረ ኪኒን ሰጥቼ በቅባት አሸሁት። በማግስቱ እማማ ታሰሩ ሲባል ፈራሁ። ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።»

መርማሪዋ ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሥር አንድ ወረቀት ሳበች። ጠርዙ በጠራዥ ቢላ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል።

«የሐኪሙ ወረቀት ሁለት ገጽ ነበረው። ሁለተኛው እንዳይታሽ፣ እንዲህ ያለውን ኪኒንም እንዳይውጥ ይላል። እሱ ራሱ ቆርጦ ደብቆታል።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ቢነግርዎት ይነኩት ነበር?»

እህቱ ጣት የጎደለውን እጇን አየችው። ጠራዡ መሞት አልፈለገም፤ አንድ ምሽት ብቻ እንደ ማንም ሰው መሆን ፈልጎ ነበር፣ ይህም ያሳዝናል። አከራይዋ ተነሥተው ሄዱና ያቺን እጅ ያዙ።

«"ትንሽ ወደ ላይ" አለኝ» አለች እህቱ። «ከዚያ ዝም አለ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ፣ እንዳልቀሰቅሰው ጫማዬን በእጄ ይዤ ወጣሁ።»